ኦቨን ውስጥ የቀለጠውን ሳፋ አታቃጥዪው፣ አላቅቂው

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከደብረ ማርቆስ ነው። የልጄ ክርስትና ዋዜማ የድፎ ሊጡን በፕላስቲክ ሳፋ አቡክቼ በፌስታል ሸፈንኩት። በብርዱ ምክንያት ኩፍ አልል ስላለኝ ኦቨን ውስጥ አስቀመጥኩት። ከሰዓት በኋላ ኦቨኑን ላሞቅ ስል መብራት ሄዶ ነበር። ቁልፉን ወደ ዜሮ ሳልመልሰው ቀረሁ። ሌሊት መብራት መጣ። የቀሰቀሰን ሽታው ነው። ሳፋው ቀልጦ ወለሉ ላይ ተኝቷል። የሽቦ መደርደሪያውን ጠቅልሎታል። ከታች ያለውን ማሞቂያ ብረትም በአንድ በኩል ነክቶታል። አማቴ ‹እሳቱን ሙሉ አድርገሽ አቃጥዪው፣ አመድ ሆኖ ይወጣል› ይሉኛል። ጎረቤቴ ደግሞ በቢላ ፋቂው አለችኝ። እስካሁን አልነካሁትም። ኦቨኑ ይድናል? ከዳነስ ለምግብ ይሆናል? ቤት ውስጥ የሦስት ወር ልጅ ስላለች ፈርቻለሁ።»

እህቴ፣ እንኳን ለክርስትናዋ አደረሳችሁ። ልጅሽን ያሳድግልሽ።

ኦቨኑ ይድናል። ለምግብም ይሆናል። እስካሁን አለመንካትሽ ደግሞ ትልቁን ሥራ ሠርቶልሻል። ባሕር ዳር ውስጥ ኦቨንና ምጣድ ስጠግን ዓመታት አልፈዋል። ፕላስቲክ የቀለጠበት ኦቨን ሲመጣልኝ ብዙ ጊዜ የሚያደክመኝ ፕላስቲኩ ራሱ አይደለም። እሱን ለማውጣት የተደረገው ነገር ነው። የተጫረ ወለል፣ የተበሳ ማሞቂያ፣ በጭስ የጠቆረ መስታወት። አንቺ እዚያ አልደረስሽም።

አማትሽ ያሉትን ግን አታድርጊ። ክፉ አስበው እንዳልሆነ ይገባኛል። እሳቸው ያደጉበት እሳት የጉልቻ እሳት ነው። እዚያ የወደቀ ሊጥ፣ ቅጠል፣ እንጨት ሁሉ አመድ ሆኖ ይጠረጋል። ፕላስቲክ የሚሠራው ግን ከነዳጅ ዘይትና ከጋዝ ነው። በተዘጋ ኦቨን ውስጥ ስታቃጥዪው የሚተርፍሽ ጥቁር ሬንጅ የመሰለ ነገርና ጭስ ነው። በጭሱ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ። ዓይንና ጉሮሮ የሚያቃጥሉ እንደ ፎርማልዲሃይድና አክሮሊን ያሉ ጋዞችም አሉ። የሦስት ወር ሕፃን ባለችበት ቤት ይሄ አይሞከርም። ከዚያም በላይ እሳት ሊነሳ ይችላል።

ቁጥሩን ልንገርሽ፤ ነገሩ ወዲያው ይገባሻል። ፌስታል በ105 እና በ115 ዲግሪ መሐል ይቀልጣል። ጀሪካን የሚሠራበት ጠንከር ያለው ፕላስቲክ 130 ገደማ ላይ ይቀልጣል። ብዙው ሳፋ፣ ጆግና የምግብ ዕቃ የሚሠራበት ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ደግሞ 160 ዲግሪ አካባቢ ነው። ድፎ የምንጋግረው በ180 ወይም በ200 ነው። ስለዚህ የዳቦ ሙቀት ሁሉንም ያቀልጣቸዋል፤ ግን አያጠፋቸውም። ለማጥፋት ከ300 በላይ መሄድ አለብሽ። ያኔ ነው መርዙ በብዛት የሚወጣው።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። ቁልፉ ላይ ያለው ቁጥር የሚነግርሽ የአየሩን ሙቀት ነው። ማሞቂያው ብረት ራሱ ቀልቶ በዓይንሽ ከታየሽ ከ500 ዲግሪ አልፏል። አንቺ 150 ላይ አድርጌዋለሁ ብለሽ ብትቀመጪም፣ ብረቱን የነካው ፕላስቲክ እየነደደ ነው። «ዝቅ አድርጌ ላቃጥለው» የሚባል ነገር የለም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። አንድ ሙሉ ቀን ያስፈልግሻል። ልጅቷን የሚይዝልሽ ሰው ብታገኚ ደግሞ ሌላ ክፍል ወይም ጎረቤት ቤት ትዋል።

መጀመሪያ ቁልፉን ወደ ዜሮ መልሺ። ከዚያ ስፒናውን ከሶኬቱ ንቀይ። ኦቨንሽ በቀጥታ ከግድግዳ ሽቦ ጋር የተያያዘ ከሆነ ቆጣሪው አጠገብ ያለውን ብሬከር አውርጂ። መብራት ጠፍቷል ብለሽ አትተማመኚ። ይሄን ሁሉ ያመጣብሽ እኮ ጠፍቶ የነበረው መብራት መምጣቱ ነው። እጅሽ ኦቨን ውስጥ እያለ እንዳይደግምሽ። ብሬከሩን ካወረድሽ የሚያዩት ሰዎች እንዳይመልሱት ወረቀት ለጥፊበት።

መስኮትና በር ክፈቺ። ጓንት አድርጊ። የተሰበረ ፕላስቲክ ጠርዙ እንደ ምላጭ ይቆርጣል።

ቀጥሎ የቀለጠው ነገር ምን ዓይነት እንደሆነ እዪ። ይሄን ደረጃ ሰው ሁሉ ይዘለዋል። እኔ ግን ግማሹ መፍትሔ እዚህ ያለ ይመስለኛል። ከሳፋው ያልቀለጠ ቁራጭ ካለ ሥሩን ገልብጠሽ ተመልከቺ። ሦስት ማዕዘን ውስጥ ቁጥር ይኖራል። ሳፋው ሙሉ በሙሉ ከሄደ አብሮ የተገዛ ተመሳሳይ ሳፋ ካለሽ የእሱን ሥር እዪ። 5 ከሆነ ፖሊፕሮፒሊን ነው። 2 ከሆነ የጀሪካኑ ዓይነት ነው። 4 የፌስታል ዓይነት ነው። 1 የሃይላንድ ጠርሙስ ነው። 3 ከሆነ ፒቪሲ ነው፤ እሱ ሲግል አሲድ ያለው ጋዝ ያወጣልና ሙቀት የሚባል አታስጠጊው። 6 ፖሊስታይሪን ነው። አንዳንዱ የሚጣል ኩባያና ሳህን ከእሱ ይሠራል።

ለምን ይጠቅማል ካልሽኝ፣ አንዱ ፕላስቲክ በብርድ ይረታል፣ ሌላው በሙቀት። 5 ቁጥር ከዜሮ በታች ሲቀዘቅዝ እንደ ደረቅ ቂጣ ይሰባበራል። ፌስታል ግን ፍሪዘር ውስጥ አድሮም እንደ ጎማ ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም። ስለዚህ ፌስታሉን በሙቀት፣ ሳፋውን በብርድ እናጠቃዋለን። ያንቺ ኦቨን ውስጥ ሁለቱም አሉ፤ ሁለቱንም እነግርሻለሁ።

ከፌስታሉ እንጀምር። የምጠቀመው ሙቀት የፈላ ውኃ ብቻ ነው። በዚህ ነገር እናንተ ማርቆሶች ዕድለኞች ናችሁ። ከተማችሁ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያልፋል። እዚያ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ ነው። እኛ ባሕር ዳር 94 አካባቢ እናፈላለን። ባቄላ ሲቀቀል ይሄ ነገር ያናድዳችኋል። ለአሁኑ ሥራ ግን ከዚህ የተሻለ መሣሪያ የለም። ውኃው የፈለገውን ያህል ቢንተከተክ ከ92 አያልፍም። ፌስታሉን ያለሰልሰዋል፤ አያቀልጠውም፤ አያጨሰውም። ቴርሞሜትር አያስፈልግሽም።

ውኃ አፍዪ። ወፈር ያለ የጥጥ ጨርቅ፣ ያረጀ ፎጣም ይሆናል፣ ንከሪበት። በመቆንጠጫ አውጥተሽ እንዳይንጠባጠብ አድርገሽ ጭመቂው። እጅሽ እንዳይቃጠል ጓንቱ ወፍራም ይሁን። ፌስታሉ በተለጠፈበት ላይ ጣይውና ደርበሽ እጠፊው። ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቂ። ጨርቁ ለብ ሲል መልሰሽ ንከሪ። ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ላይ ጨርቁን አንስተሽ ጠርዙን እዪ። ልክ የፈላ ወተት ሲቀዘቅዝ እላዩ ላይ የሚይዘውን ስልባቦት ታውቂው የለ? እንደዚያ ጥግ ጥጉ ይነሳል። ያንን ጥግ በጥፍርሽ ወይም በእንጨት ማማሰያ ጫፍ ያዢውና ቀስ ብለሽ ወደ ራሱ አጥፈሽ ሳቢው። ወደ ላይ አትንጪው። ወደ ኋላ አጥፈሽ ስትስቢው ረጅም ሆኖ ይመጣል። ከተበጠሰ ጨርቁን መልሺ።

ውኃ በቀጥታ አታፍስሺበት። ኦቨኑ ወለል ዙሪያ ቀዳዳና ክፍተት አለ። ከታች ሽቦና መጠቅለያ አለ። ውኃው እዚያ ገብቶ ሳይደርቅ መብራት ቢመጣ ሌላ ጣጣ ነው። የበሩ መስታወት ላይም የፈላ ውኃ አትድፊ፤ ቀዝቃዛ መስታወት ሊሰነጠቅ ይችላል።

መቼም መፋቂያ ያስፈልግሻል። እንጨት ይሁን። ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርድም ጥሩ ነው። ቢላ ተዪ። የብረት መፈግፈጊያም ተዪ። የኦቨንሽ ግድግዳ ጥቁር የሚያብለጨልጭ ቀለም ይመስላል፤ ግን ቀለም አይደለም። ብረት ላይ በ800 ዲግሪ ገደማ ቀልጦ የተጣበቀ መስታወት ነው። ቢላ ይጭረዋል። የተጫረበት ቦታ እርጥበት ይገባል። ከዚያ ዝገት ይጀምራል፤ ዝገቱ ከሥር እየሰፋ ቅቡን ያስለቅቀዋል። አንድ ጊዜ የተነሳ ቅብ ቤት ውስጥ አይመለስም።

ግድግዳው ግራጫ ሆኖ ሲነኩት እንደ አሸዋ ወረቀት ሻካራ ከሆነ ደግሞ እሱ ሌላ ዓይነት ነው። ስብ እየበላ ራሱን የሚያጸዳ ቅብ አለው። እሱን አትፋቂው፣ ሳሙናም አታብዢበት። በብርድና በእጅ የሚነሳውን ያህል ብቻ አንሺ።

አሁን ወደ ሳፋው። ወለሉ ላይ ተኝቷል ያልሽው ወፍራሙ እሱ ነው። ሊጡም ውስጡ ገብቶ ደርቆ ይሆናል። ላዩ ላይ ያለውን ሊጥ በእርጥብ ጨርቅ አርሰሽ አስቀድመሽ አንሺው። ሊጡ ካልተነሳ ብርዱ እስከ ፕላስቲኩ አይደርስም።

በረዶ ያስፈልጋል። ፍሪጅ ካለሽ ሁለት ሃይላንድ ጠርሙስ ውኃ ከላይ ትንሽ አጉድለሽ ከዛሬ ማታ ጀምሮ አስቀምጪ። ከሌለሽ የሠፈር ካፌ ጠይቂ። በረዶውን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለሽ በሙቀጫ ዘነዘና ቀጥቅጪው። ከዚያ ወፍራም ፌስታል ውስጥ ሦስት እጅ በረዶ፣ አንድ እጅ ጨው አድርጊና አደባልቂው። ጨው ሲገባበት በረዶው ከዜሮ በታች በደንብ ይወርዳል። የፌስታሉን አፍ ጥብቅ አድርገሽ እሰሪው፤ በሌላ ፌስታልም ድገሚው። ጨው ውኃው ብረት ላይ መፍሰስ የለበትም፤ ያዝገዋል።

ይሄን ፌስታል ሳፋው ላይ አስተኚው። ላዩን ባረጀ ብርድ ልብስ ቁራጭ ሸፍኚውና የኦቨኑን በር ዝጊ። ግማሽ ሰዓት አትክፈቺው። ጨርሶ ያልቀዘቀዘ፣ ለብ ያለ ኦቨን ላይ ግን ይሄን እንዳትሞክሪ። መስታወቱ ቅብ በድንገተኛ ብርድ ይሰነጠቃል።

እዚህ ላይ የሚሆነው ነገር ሁለት ነው። አንደኛ፣ ፕላስቲኩ ይደርቃል፤ ይሰባበራል። ሁለተኛ፣ ይሸሻል። ፕላስቲክ ሲቀዘቅዝ ከብረት በአሥር እጥፍ ገደማ ይኮማተራል። ብረቱ ባለበት ይቆማል፣ ፕላስቲኩ ወደ መሐል ይሰበሰባል፣ መሐላቸው ያለው መያያዣ ይለቃል። አንዳንድ ጊዜ ኦቨኑ ተዘግቶ እያለ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ትሰሚያለሽ። ያ ድምፅ ሲመጣ እኔ ደስ ይለኛል። ሥራው አለቀ ማለት ነው።

ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ በረዶውን አንሺና ፈጠን በይ። ጠርዙ ላይ የእንጨት ማማሰያ ጫፍ አስደግፈሽ እጀታውን በመዳፍሽ መታ መታ አድርጊው። ከጠርዝ ወደ መሐል ሂጂ። ትልልቅ ቁራጭ ሆኖ ይነሳል። መነሳቱን ካቆመ ሞቋል ማለት ነው፤ በረዶውን መልሺ። ሁለት ሦስት ዙር የተለመደ ነው። አንዱ ቦታ ከእንጨት ጋር አልታገልም ካለ ተዪው፤ ወደ ሌላው እለፊ፤ ተመልሰሽ ትመጪበታለሽ።

ሳፋው 2 ቁጥር ሆኖ ከተገኘ በብርድ አይሰበርም፤ ግን ስለሚኮማተር ጠርዙ ይነሳል። በሙቅ ጨርቅና በበረዶ ማፈራረቅ ነው። ትዕግሥት ይፈልጋል።

የሽቦ መደርደሪያው ቀላል ነው። አውጪው። ፍሪዘር ከገባ አንድ ሌሊት ይደር። ካልገባ የበረዶውን ፌስታል ጠቅልዪበት። ከዚያ ንጹሕ ጆንያ ላይ አድርገሽ በእንጨት መታ መታ ስታደርጊው እንደ ዛጎል ይረግፋል። ሽቦዎቹ የሚጋጠሙበት ጥግ ላይ ግን ጥቂት ይደበቃል። መደርደሪያውን ወደ ብርሃን ይዘሽ ገልብጪው። ከሥር በኩል እንደ ሰም ጠብታ የተንጠለጠለ ታያለሽ። ሰው ሁሉ ከላይ አጽድቶ ያንን ረስቶ ነው በሚቀጥለው ዳቦ ቀን የሚጨሰው። መደርደሪያው ምንም ካልሆነልሽ አትጨነቂ፤ ከኦቨኑ ሁሉ ርካሹ እሱ ነው።

አሁን ከባዱ ጋ ደረስን። ማሞቂያው ብረት፣ እኛ ሬዚስታንስ የምንለው።

ምን እንደሆነ ልንገርሽና ለምን እንደምፈራው ይገባሻል። ከውጭ ቱቦ ነው። በመሐሉ ቀጭን የማሞቂያ ሽቦ ያልፋል። በሽቦውና በቱቦው መሐል ነጭ ዱቄት ታጭቋል፤ ማግኒዝየም ኦክሳይድ ይባላል። ሙቀት ያሳልፋል፣ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። 220 ቮልት ከኦቨንሽ ብረት ጋር እንዳይገናኝ የሚከለክለው ያ ዱቄት ነው። ዱቄቱ ደግሞ እርጥበት ይጠላል።

አንድ ጊዜ አንድ ደንበኛ ብሬከር የሚጥል ኦቨን አመጣልኝ። ፕላስቲክ ቀልጦበት፣ በካቻቢቴና በመዶሻ አንስቶታል። ፕላስቲኩ በሙሉ ተነስቷል። ሬዚስታንሱን አውጥቼ መስኮት አጠገብ አዟዟርኩት። መጀመሪያ ምንም አላየሁም። ኋላ በጣቴ ስዳስሰው ጣቴ ላይ ነጭ ነገር ቀረ። የስንዴ ቅንጣት የማታክል ስንጥቅ ነበረች። ዱቄቱ በእሷ በኩል እየፈሰሰ ነበር። በዚያች ቀዳዳ እርጥበት ገብቶ መብራቱ በተከፈተ ቁጥር ወደ ኦቨኑ አካል ያልፋል። ያ ቤት ብሬከሩ በደንብ የሚሠራ ባይሆን ኖሮ የኦቨኑን በር የነካው ሰው ነበር የሚመታው። ይሄን የምነግርሽ እንድትፈሪ ነው። ሬዚስታንስ ላይ ብረት እንዳታሳርፊ።

ያንቺ በአንድ በኩል ነው የነካው ብለሻል። ጥሩ ነው። የበረዶውን ፌስታል ትንሽ አድርገሽ እሱ ላይ ብቻ እሰሪ። ሲቀዘቅዝ በጣትሽ ያዢውና ግራና ቀኝ ነቅንቂው፤ ፕላስቲኩን ማለቴ ነው፣ ሬዚስታንሱን አይደለም። ብዙ ጊዜ እንደ ቀለበት ተሰንጥቆ ይወጣል። የቀረውን በጥርስ እንጨት ወይም በተሳለ የቀርከሃ ስንጥር ጫፍ ጫሪው። በስሱ የቀረ ጥላ የሚመስል ነገር ካለ ተዪው። እሱ በኋላ በሙከራው ጊዜ ይሄዳል።

እብጠት የሚመስል ትልቅ ጉብታ ከቀረ ግን ከዚህ በላይ አትታገዪ። ባለሙያ ጥሪ። ሬዚስታንስ ሁለት ብሎንና ሁለት ሽቦ ነው የያዘው፤ ፈትቶ ውጭ ያጸዳዋል ወይም ይለውጠዋል። ማርቆስ ውስጥ ይሄን የሚሠራ አታጪም። አንዳንድ ኦቨን ላይ የታችኛው ሬዚስታንስ ጭራሽ አይታይም፤ ከወለሉ ብረት ሥር ነው። ወለሉ በብሎን የተያዘ ከሆነ ፈትተሽ አንሺና ከሥሩ የተንጠባጠበ መኖሩን እዪ።

የፕላስቲኩ አካል ከሄደ በኋላ የሚቀረው ቅባትና ሽታ ነው። ለዚህ ቤኪንግ ሶዳ ይበቃል። ቤኪንግ ፓውደር አላልኩም፤ ሱቅ ስትልኪ ተጠንቀቂ፣ ልጆች ሁሌ ያቀያይሩታል። ሶዳውን በትንሽ ውኃ እንደ ምስር ሽሮ ወፈር አድርገሽ ለውሺው። ወለሉንና ግድግዳውን ቀቢው። ሬዚስታንሱን አታስነኪ፣ የመብራቱን አምፖልና ከኋላ ያለውን የሙቀት መለኪያ ዘንግም እንደዚሁ። ይደርበት። ጠዋት በእርጥብ ጨርቅ ወልውዪ። ነጭ ነገር የቀረበት ቦታ ላይ አቼቶ በጨርቅ አድርገሽ ጥረጊ፤ አረፋ ይሠራል፤ ከዚያ በንጹሕ ውኃ ጨርቅ ሁለት ጊዜ ጥረጊው። ይበቃል።

ሱቅ የሚሸጠውን ኃይለኛ የኦቨን ማጽጃ ለዚህ ብለሽ አትግዢ። ውስጡ ያለው ካስቲክ ሶዳ ስብ ይበላል እንጂ ፕላስቲክ አይነካም። አሉሚኒየም ያለበትን ያበላሻል፤ ቆዳ ያቃጥላል።

በረኪና ተዪ። በተለይ ከአቼቶ ጋር ፈጽሞ አይገናኝ። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ጠባብ ማዕድ ቤት ውስጥ ይሄ ሰው ይጥላል።

ነጭ ጋዝ ወይም ቤንዚን ያስለቅቀዋል የሚልሽ ሰው ይመጣል። አትስሚው። ፌስታልም ሆነ ሳፋ በቤንዚን አይሟሟም፤ ቤንዚን በጀሪካን የሚሸጠው ለምን ይመስልሻል? ትነቱ ግን ኦቨኑ ጓዳ ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል። በኋላ ስትለኩሺው ይፈነዳል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶንም 6 ቁጥሩን ካልሆነ ያንቺን አያሟሟም፤ እሱም ተቀጣጣይ ነው።

ኦቨንሽ ራሱን በከፍተኛ ሙቀት የሚያጸዳ ዓይነት ከሆነ ያንን ቁልፍ እንዳትነኪ። 500 ዲግሪ አካባቢ ይሄዳል። ያ የአማትሽን ምክር በዘመናዊ መንገድ ማድረግ ነው።

አሁን ሙከራው። ሁሉም ነገር ደርቋል? ቢያንስ ከጠዋት እስከ ማታ በሩ ተከፍቶ ይድረቅ። ክረምት ከሆነ አንድ ቀን ጨምሪ። ከዚያ ልጅቷ ከቤት ትውጣ። መስኮቶቹ ይከፈቱ። ኦቨኑን ባዶ አድርገሽ 100 ዲግሪ ላይ ለ15 ደቂቃ አብሪው። አጠገቡ ቁሚ፤ ወጥተሽ አትሂጂ። ጭስ ከታየ ወዲያው አጥፊ፤ በሩን አትክፈቺ፤ ይቀዝቅዝ፤ ከዚያ የጨሰበትን ቦታ ፈልጊ። ምንም ከሌለ ወደ 150፣ ከዚያ ወደ 200 ውሰጂው። 200 ላይ ግማሽ ሰዓት ይቆይ። ሬዚስታንሱ ላይ የቀረችው ስስ ጥላ እዚህ ጋ ትንሽ ትሸታለች። አንዴ ብልጭ ብላ የምትጠፋ ሽታ ከሆነች ችግር የለም። ጭሱ ከቀጠለ ግን ሌላ የተደበቀ አለ።

ላቃጥለው አትበይ ብዬ አሁን ይሄን መፍቀዴ እንዳይጋጭብሽ። ጉብታ ማቃጠልና የጣት አሻራ የምታህል ቅሪት በተከፈተ መስኮት ማስወጣት አንድ አይደለም። መጠኑ ነው ልዩነቱ።

በሙከራው ጊዜ ብሬከር ከጣለ፣ ወይም የኦቨኑን አካል ስትነኪ ነዘር ካደረገሽ፣ እዚያው አቁሚ። ስፒናውን ንቀይና ባለሙያ ጋ ውሰጂው። ደጋግመሽ ብሬከሩን አትመልሺ።

እሳት ቢነሳ የኦቨኑን በር ዝጊና መብራቱን ከብሬከሩ አጥፊ። አየር ሲያጣ ይሞታል። ውኃ እንዳትደፊ።

ለምግብ ይሆናል ወይ ላልሽው፣ አዎ ይሆናል። ጠንካራ የሆነ ፕላስቲክ ቅንጣት አንድ ጥግ ላይ ቢቀር ብቻውን ምግብሽን አይመርዝም። ችግሩ ሲግል የሚያወጣው ነው። ስለዚህ መለኪያሽ ዓይንሽ ሳይሆን አፍንጫሽ ይሁን። 200 ዲግሪ ላይ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ የፕላስቲክ ሽታ ከሌለው ጋግሪበት። ትንሽ እንኳ ካለው ሶዳውን ድገሚ፣ ሙከራውንም ድገሚ። የመጀመሪያው ዳቦ ላይ ክዳን ያለው ብረት ድስት ብትጠቀሚ ደስ ይለኛል። ያ ሌሊት ውስጡ የነበረውን ሊጥ ግን፣ መሐሉ ደህና ይመስላል ብለሽ እንዳታተርፊው። ጭሱ ገብቶበታል። ለዶሮም ለከብትም አትስጪው።

ስለ ልጅሽ። ሌሊቱን ጭሱ ውስጥ ስንት እንደቆያችሁ አልነገርሽኝም። አሁን የምትጠባ፣ የምትተኛ፣ እንደ ወትሮዋ የምትተነፍስ ከሆነ ተረጋጊ። ሳል ከቀጠለባት፣ ስትተነፍስ ጎኗ እየገባ ካየሽ፣ ጡት እንቢ ካለች ወይም ፈዘዝ ካለች ግን ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰጃት፤ የሆነውንም ንገሪያቸው። አንቺም ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከነበረሽ ተናገሪ። ቤቱን በየቀኑ አናፍሺ። የሕፃኗን ልብስና አልጋ ልብስ፣ መጋረጃውንም እጠቢ፤ የፕላስቲክ ጭስ ጨርቅ ላይ ይቀመጣል።

ኦቨናቸው በጋዝ ለሆነ ሰዎች አንድ ቃል። ከሁሉ በፊት የሲሊንደሩን ቫልቭ ዝጉ። ሙቅ ጨርቁም በረዶውም ያው ነው። ልዩነቱ ከወለሉ ብረት ሥር ያለው እሳት ማውጫ ነው። ፕላስቲክ ተንጠባጥቦ ቀዳዳዎቹን ደፍኖ ከሆነ እሳቱ ሰማያዊ መሆኑ ቀርቶ ቢጫ ይሆናል። ቢጫ እሳት ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመጣል። ቢጫ ካያችሁ አጥፉና አስፈትሹ፤ ቀዳዳውን በመርፌ አታስፉት።

ስለ ሊጡ ደግሞ። በእናንተ ብርድ ሊጥ ኩፍ አለማለቱ እውነት ነው። ኦቨን ውስጥ ማስቀመጥሽም ብልሃት ነው፤ ጥፋቱ የዕቃው ነው። ብዙ ቤት ኦቨን እንደ ቁም ሳጥን ሆኖ ሳፋና ወንፊት ይታጨቅበታል። እኔ ቤት ለቤት ስሄድ ኦቨን ስከፍት መጀመሪያ የማወጣው ፕላስቲክ ነው፤ በጣም ያሳስበኛል። መብራት ሲሄድ ደግሞ ቁልፉን ዜሮ ማድረግ የቤቱ ሰው ሁሉ ልማድ ይሁን፤ ለአማትሽም አሳዪያቸው።

ለሚቀጥለው ድፎ ሊጡን በብረት ድስት አቡኪው። በፌስታል ፈንታ እርጥብ ጨርቅ ወይም ኮባ አልብሺው። ኦቨኑ ስፒናው ተነቅሎ፣ ከታች አንድ ሳህን የፈላ ውኃ አስቀምጪለትና በሩን ዝጊ። ኦቨን ባትፈልጊ ድስቱን በጋቢ ጠቅልለሽ የቡና ምድጃው አጠገብ አኑሪው። ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው።